አደራና ጉዲፈቻ፦ ባሕር ማዶ ያደገ ልጅ ልቡ የሚረጋው እንዴት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮተቤ ውስጥ በአንድ ዘመድ ቤት ሳስተረጉም ዋልኩ። በቀኜ ከወሎ ገጠር በአውቶቡስ የመጡ እናት፣ በግራዬ በአራት ዓመቷ አሜሪካ ሄዳ ሚኒሶታ ያደገችው ልጃቸው፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ አሳዳጊ እናቷ ተቀምጠዋል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ልጅቱ ለዓመታት ስታምጠው የኖረችውን ጥያቄ አወጣችው፤ «ለምን ሰጠሽኝ?» ወደ አማርኛ ስመልሰው እናትየዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው የተቆጡት እኔን ነበር። «ማን ሰጠ? አደራ ነው ያልኳቸው! አሳድጉልኝ ነው ያልኩት።»

እዚህ ላይ ችሎታዬ ከዳኝ። «አደራ» የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ለማሻገር ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። የመጀመሪያው የባንክ ሰነድ መሰለብኝ፣ ሁለተኛው የዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሦስተኛው ኑዛዜ። ልጅቱ የምታውቀው አገላለጽ ሌላ ነበር። በእንግሊዝኛ ልጅን ለጉዲፈቻ መስጠትና ተስፋ መቁረጥ በአንድ ግስ ይነገራሉ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ግስ ስትሰማ ያደገች ልጅ «አደራ»ን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተረድታ እንድትነሣ መጠበቅ አይቻልም።

ነገሩ ግን የአንድ ቃል ችግር ብቻ አይደለም። ወላጅ፣ ልጅና አሳዳጊ በአንድ ወረቀት ተሳስረው ስለ ወረቀቱ የተረዱት ነገር ለየቅል ነበር።

«ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ የተገኘ ቃል ነው፤ ሥሩ ማሳደግ ነው። «ማደጎ»ም ከማደግ የወጣ ነው። ሁለቱም ስለ ማሳደግ እንጂ ስለ መቁረጥ አይናገሩም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ የጡት አባትና የጡት ልጅ የሚባል ዝምድና ነበር፤ ልጁ ሌላ አባት አገኘ ተባለ እንጂ የወለደው ቀረበት አልተባለም። ስድባችን እንኳ «አሳዳጊ የበደለው» ነው፤ ወላጅ የበደለው የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ለእኛ ማሳደግ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን መውለድን አይሽርም።

የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው የራሱ ልጅ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ ይቆያል። ከሁለቱ ቤተሰብ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን የአሳዳጊው ይቀድማል ይላል ሕጉ። ይቀድማል እንጂ ሌላው ይጠፋል አላለም። አሜሪካ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ለጉዲፈቻ ልጅ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ በእናትና በአባት ቦታ የሚሰፍረው የአሳዳጊዎቹ ስም ነው። በሕግ ዓይን ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነርሱ የተወለደ ያህል ነው። ፈረንሳዮች ቢያንስ ልዩነቱን በስም ለይተውታል፤ የቀደመውን ዝምድና የሚያቆየውን «ቀላል»፣ ጨርሶ የሚተካውን «ሙሉ» ጉዲፈቻ ይሉታል። እንግዲህ አንዲት የገጠር እናት ጣቷን ቀለም አስነክታ ስትፈርም የፈረመችው በየትኛው ትርጉም ነው? ብዙዎቹ ልጁ ተምሮ፣ ደብዳቤ እየጻፈ፣ አንድ ቀን ተመልሶ የሚጦራቸው መስሏቸው ነበር። ሞኞች ስለሆኑ አልነበረም፤ የሚያውቁት ጉዲፈቻ እንደዚያ ስለሆነ እንጂ።

ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺሕ በላይ ልጆች ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ወደ 2,500 የሚጠጉ ልጆች ወደዚያው ሲሄዱ ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛዋ ላኪ አገር ነበረች። ስፔን፣ ፈረንሳይና ጣሊያንም በርካታ ወስደዋል። ስዊድን ደግሞ ቀደም ብላ ነው የጀመረችው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ሂደቱን በእጅጉ ቀነሰ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን ጨርሶ ከለከለ። ከክልከላው በስተጀርባ ከነበሩት ቁጣዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት፣ በአሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት በደል የሞተችው ኢትዮጵያዊት ልጅ ጉዳይ ነው። አሳዳጊዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኛ ተብለዋል። ከችሎቱ ዝርዝር አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ትክክለኛ ዕድሜዋን የሚያረጋግጥ ሰነድ ስላልነበረ፣ ዕድሜዋ ደግሞ ለክሱ ወሳኝ ስለነበር፣ አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ጥርሷና አጥንቷ እንዲመረመር ተደረገ። የልደት ቀን ቀላል ነገር ለሚመስለው ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

ክልከላው ወደፊት የሚሄዱትን አስቀረ፤ የሄዱት ግን አሁን ጎረምሶችና ኮረዶች፣ አንዳንዶቹም የልጆች ወላጅ ሆነዋል። ስለ እነርሱ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንዱ «ከድህነት ድነዋል» ይላል፤ ሌላው «ማንነታቸውን አጥተዋል» ይላል። ሁለቱም ልጁን ሳይጠይቁ የሚሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥናቶቹን ያየ ሰው የሚያገኘው ከሁለቱም የተለየ ነው። በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ሰማንያ ስምንት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ከ10 ሺሕ በላይ የጉዲፈቻ ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት መርምረው ነበር። ከወላጆቻቸው ጋር ካደጉ እኩዮቻቸው የሚያንስ ሆኖ አላገኙትም፤ ከሌላ አገር በመጡትና የአሳዳጊዎቻቸው ቀለም ከእነርሱ በሚለይባቸው ልጆች ላይም ያው ነው። በሌላ በኩል በስዊድን የሕዝብ መዝገብ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከውጭ አገር በጉዲፈቻ የመጡ ወጣቶች ለከባድ የአእምሮ ሕመምና ራስን ለመጉዳት ያላቸው ተጋላጭነት ከአገሬው ልጆች ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አይጋጩም። አብዛኞቹ ደህና ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን በጣም ተጎድተዋል፣ እነዚያም ጥቂቶች ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ይበዛሉ። ስለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ «ጉዲፈቻ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» የሚለው አይመስለኝም። ደህና የሆኑት ምን አግኝተው ነው ደህና የሆኑት?

ለዚህ መልስ ከሰጡት አንዱ ዴቪድ ብሮድዚንስኪ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ናቸው። ልጅ የራሱን ጉዲፈቻ የሚረዳው በደረጃ መሆኑን ያሳዩ ሰው ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ «ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን መጣሁ» እያለ ታሪኩን እንደ ተረት ይደግመዋል፤ ወላጆቹም «ሁሉን ነግረነዋል፣ ተቀብሎታል» ብለው ይደሰታሉ። ልጁ የተቀበለው ግን የአውሮፕላኑን ታሪክ ነው። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ዓመት ሲሞላው ማሰብ የሚችለው ሰፋ ይልና አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ገላውን ሲታጠብ ወይም መኪና ውስጥ፣ ነገሩ ብልጭ ይልበታል፤ እነዚህ ካገኙኝ፣ ከዚያ በፊት ያጣኝ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያኔ ልጁ ይከፋዋል፤ ዝም ይላል ወይም ያለ ምክንያት ይቆጣል። ወላጆች የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስላቸዋል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ልጁ አደገ፣ ሐዘኑም አብሮት አደገ። አብሮት ማዘን እንጂ በከረሜላ ማባበል አይረዳውም።

እኚሁ ሊቅ አጥብቀው የተናገሩለት ነገር በቤት ውስጥ ያለው የወሬ ግልጽነት ነው። ወላጅ ቤተሰብ ይታወቅም አይታወቅም፣ ልጁ የፈለገውን ሊጠይቅና የተሰማውን ሊናገር ይችላል ወይ? እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው። በዚያ ቀን ኮተቤ ውስጥ ማስተርጎም ከመጀመሬ በፊት አሳዳጊ እናትየዋ ወደ ጎን ጠርታኝ «የምትጠይቀውን ሁሉ ሳትቀንስ ተርጉምላት። እኔ ይከፋኛል ብለህ የምታለዝበው ነገር እንዳይኖር» አለችኝ። ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ መከፋቷም አይቀርም። ግን ልጅቱ ያንን ጥያቄ አፍ አውጥታ ለመጠየቅ የደፈረችው አሳዳጊዋ እንደማትሰበር ስለምታውቅ ነው። ልብ የረጋው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስባል፤ የወለዱትን የሚፈልግ ልጅ ያሳደጉትን ያልወደደ ይመስለዋል።

አንድ በደግ ልብ የሚነገር፣ ግን መዘዝ ያለው አባባል አለ፤ «እናትሽ የሰጠችሽ ስለምትወድሽ ነው።» ለአዋቂ ጆሮ ያጽናናል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል፤ የወደደ ሰው ይሰጣል። ታዲያ አሁን የሚወዱኝስ? እንዲህ ካሰበ በኋላ አሳዳጊ እናቱ ከሥራ ሃያ ደቂቃ ስትዘገይ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ ምን እንደሆነበት ግልጽ ነው። እውነቱ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፣ መራራም ቢሆን። አባትሽ ሞተ፣ እናትሽ ታመመች፣ የሚያግዛት ሰው አልነበረም፣ ሰዎች መጥተው ይሻላል አሏት፣ አለቀሰች። ምክንያቱ ፍቅር ሳይሆን ድህነትና ብቸኝነት ከሆነ ፍቅሩ ነፃ ይወጣል። እውነቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወረቀቱ ላይ አይገኝም። «ወላጅ የሌለው» ተብሎ የሄደ ልጅ ሲመለስ አባቱን በሕይወት የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ሌሎች አገሮችም ከዚሁ ጉድ አላመለጡም፤ ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከውጭ አገር ጉዲፈቻን ያገደችው ያለፈው አሠራር ሲመረመር የተጭበረበረ ሰነድና ከዚያም የከፋ ነገር ስለተገኘበት ነው።

ቀለምን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እኛ አገር ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ቶሎ አንረዳውም። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገ ሰው «ጥቁር ነህ» ተብሎ አያውቅም፤ ቢባልም ስለ መልኩ ነው፤ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ሚኒሶታ ውስጥ ነጭ በበዛበት ሰፈር ያደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ ግን በቤቱ ውስጥ ሁሉን የሚመስል፣ ከበሩ ሲወጣ ማንንም የማይመስል ነው። በዚያው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሪቻርድ ሊ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን የጉዲፈቻ እንቆቅልሽ ብለው ጽፈውታል። ልጁ ስሙ፣ አነጋገሩ፣ የሚበላው፣ የሚያስቀው ነገር የነጮቹ ነው፤ በልቡም ራሱን እንደ እነርሱ ያያል፤ መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ግን የሚያየው ጥቁር ልጅ ነው። ትንሽ እያለ ሱቅ ሲገባ «እንዴት ያምራል!» ይሉታል። አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ያንኑ ሱቅ በኮፍያ ሹራብ ሲገባ ጥበቃው ከኋላው ይከተለዋል። የተለወጠው ምን እንደሆነ አባቱ ሊነግረው አይችልም፤ አባቱን ጥበቃ ተከትሎት አያውቅማ። «እኛ ቀለም አናይም» የሚል ቤተሰብ ልጁን ከዚህ አይጠብቀውም፤ ብቻውን ይተወዋል። የአሜሪካ ጥቁር የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 ጥቁር ልጆች ለነጭ ቤተሰብ መሰጠታቸውን አጥብቆ የተቃወመው ከዚሁ ሥጋት ነው። መደምደሚያው ለብዙዎች ከረር ያለ ቢሆንም ሥጋቱ ከአየር የመጣ አልነበረም።

ታዲያ ምን ይረዳል? በዓመት አንድ ቀን እንጀራ መብላትና ባንዲራ መስቀል አይከፋም፤ ግን ልጁ ማንነቱን እንደ ዓመት በዓል ልብስ አውጥቶ የሚመልሰው ዕቃ ያደርገዋል። ያቺ የኮተቤዋ ልጅ የነገረችኝ ይበልጥ ተራ ነገር ነው። አሳዳጊዋ ፀጉሯን መያዝ አቅቷት ነበር፤ እያበጠረች ታስለቅሳታለች። በመጨረሻ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አርባ ደቂቃ እየነዳች ወደ አንዲት ሐበሻ ፀጉር ሠሪ ትወስዳት ጀመር። ሹሩባ እስኪሠራ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ልጅቱ ከቅባቱ ሽታ ጋር አማርኛ ትሰማለች፤ ባይገባትም ዜማውን ታውቀዋለች። የሠሪዋ እጅ የእርሷን እጅ ይመስላል። አንዷ ደንበኛ ባሏን ታማለች፣ ሌላዋ ስለ ቤት ኪራይ ትማረራለች፣ ሁሉም ይስቃሉ። «እዚያ ማንም ትኩር ብሎ አላየኝም» አለችኝ። አሳዳጊዋ ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ብቸኛዋ ነጭ ሆና በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች። ልጇ ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚሰማትን እርሷም በጥቂቱ ቀመሰችው ማለት ነው። ከአሥር መጽሐፍ የሚሻል ትምህርት ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ነቀፋዬ የሚበረታው እዚህ ነው። እነዚህ ልጆች ዋሽንግተን ታክሲ ሲሳፈሩ፣ ሮም ወይም ስቶክሆልም ምግብ ቤት ሲገቡ ከሐበሻ ጋር ይገናኛሉ። መልካቸውን አይተን በደስታ «ጤና ይስጥልኝ!» እንላለን። አማርኛ እንደማይችሉ ስናውቅ ፊታችን ይወድቃል። «እንዴት ቋንቋሽን ትረሺያለሽ?» እንላለን፤ በሁለት ዓመቷ አገር የለቀቀችን ልጅ። የጉዲፈቻ መሆኗን ስንሰማ ደግሞ ወይ ከንፈር እንመጥጣለን ወይ «እድለኛ ነሽ» እንላለን። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። እድለኛ የተባለ ሰው ማዘን አይፈቀድለትም። እናቱን፣ ቋንቋውን፣ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ያጣ ልጅ በምላሹ ጥሩ ትምህርት ቤትና የሚወዱት ሰዎች አግኝቷል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያወራርደውም። ሒሳብ አይደለም። አማርኛ የማይችለውን ልጅ «እዚህ ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ» ማለት ግን ምንም አያስከፍልም።

በአደባባይ ከሚታወቁት መካከል ታዋቂው የምግብ ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን አለ። በልጅነቱ ካሳሁን ይባል ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ፤ እርሱና እህቱ ስዊድን ሄደው በጎተንበርግ አደጉ። ምግብ ማብሰል የለመደው ከስዊድናዊት አያቱ ማድ ቤት ነው፤ ስሙ የተጠራው ኒው ዮርክ ውስጥ በስዊድን ምግብ ነው፤ በኋላ የጥቁሮች መዲና በሆነችው ሃርለም ምግብ ቤት ከፈተ። አባቱ በሕይወት መኖሩን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። የእናቱን ፎቶግራፍ አይቶ አያውቅም። ስዊድናዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ነኝ ሲል ሦስቱን አንድ ላይ ነው የሚለው። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብለን የምንጨቀጭቀው እኛ ነን።

ወደ ኮተቤ ልመለስ። በረካው ሲደርስ ልቅሶው አልፎ ወሬው ቀለል ብሎ ነበር። ልጅቱ ትንሽ ጥያቄ አላት አለችኝ፤ የተወለደችበት ቀን። ወረቀቷ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ነው፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሆነ ሰው በግምት የሞላው ቀን መሆኑን ታውቃለች። እናትየዋ ሳያስቡ መለሱ። «ኅዳር ጽዮን ለት ነዋ! ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ረፋድ ላይ።» ዓመቱንስ? አሰቡ። «ያ ምርጫ የተረበሸ ጊዜ፣ ከእርሱ ቀጥሎ በመጣው ኅዳር።»

ምርጫው የ1997ቱ ነው። ኅዳር 21 ቀን 1998 ዓ.ም.። ስልኬን አውጥቼ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስመልሰው ኖቬምበር 30 ቀን 2005 ሆነ። ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞራ ለአሳዳጊ እናቷ ጮክ ብላ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለቻትና ሁለቱም ሳቁ። እናትየዋ ክንዴን ጎተት አድርገው «ምን አለች?» አሉኝ።

«በአሥራ አንድ ወር ልጅ ሆንኩ፤ ሒሳብ ትምህርት የከበደኝ ለካ ለዚህ ነው ትላለች» አልኳቸው።